ማልሲዲቤ የማን ውሻ ነው?

ይድረስ፦ ለተከበሩ ለአቶ ጋሩማ፣ ለቀበሌያችን የጸጥታ ጉዳይ ኃላፊ፣ እንዲሁም በአጥር ለምንዋሰነው ጎረቤቴ

ግልባጭ፦ ለእድራችን አባላት በሙሉ፣ ዳቦ ሊገዙ ሲመጡ እንዲያነቡት በወይዘሮ አዚዛ ሱቅ በር ላይ

ጉዳዩ፦ ባለቤት ስለሌለው፣ ነገር ግን በየማለዳው በስሙ ስለሚጠራው ውሻ

የተከበሩ ጎረቤቴ ሆይ፣

ነጋ ቡልተኒ? እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎና ሆድዎ ደህና ናቸው ወይ? የድምፅዎን ጤንነት ግን አልጠይቅም፤ ጎህ ሲቀድ ከግቢዎ ወጥቶ፣ አጥሬን ተሻግሮ፣ በመስኮቴ ገብቶ ትራሴ ላይ ስለሚያርፍ፣ ከእኔ በላይ ስለ እርሱ ደህንነት ሊመሰክር የሚችል ሰው በነቀምቴ ከተማ ያለ አይመስለኝም። እኔም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በእርስዎ ጎረቤትነት ምክንያት ሳይነጋ የምነሳ ጠንካራ ሴት ሆኛለሁ።

በሥራ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ፣ በዛብሽ እባላለሁ፤ የሟቹ የአቶ ሠርፀ ባለቤት፣ ከእርስዎ ግቢ በስተቀኝ ያለችው ዝምተኛዋ ሴት ነኝ። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ማንበብ የተማርኩት ወይዘሮ አዚዛ ስኳር ከምትጠቀልልበት ጋዜጣ ስለሆነ፣ ፊደሌ እዚህም እዚያም ተጣሞ ቢያገኙት ጋዜጣው ተጨማድዶ ስለነበር ነው ብለው ይቅር እንዲሉኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ይህንንም በአደባባይ የምጽፍልዎ ቢሮዎን ንቄ አይደለም። ከዚህ በፊት አቤቱታዬን ይዤ ወደ ቀበሌ በመጣሁ ቁጥር ወደ ጸጥታ ክፍል እመራ ነበር፤ በጸጥታ ክፍልም ወንበሩ ላይ እርስዎን አገኝ ነበር፤ እርስዎም በታላቅ ትዕግሥት አዳምጠውኝ ጉዳዩን ለሚመለከተው ሰው እንደሚነግሩልኝ ቃል ይገቡልኝ ነበር። ማታ ቤትዎ ገብተው ለሚመለከተው ሰው እንደነገሩት አልጠራጠርም። የሚመለከተው ሰው ግን እስካሁን መልስ አልሰጠዎትም፤ እንዲህ ያለ ሰው በቤትዎ በመኖሩ ከልብ አዝንልዎታለሁ።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ።

አንደኛ፤ የውሻው ስም። በአገራችን ለውሻ ስም ማውጣት፣ ጎረቤት ቤት ድረስ ሳይደክሙ መልእክት መላኪያ መንገድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በአምናው ክረምት መግቢያ ላይ የጣራዎን ውኃ ከደጄ እንዲመልሱልኝ በለመንኩዎ ሰሞን አንድ ቡችላ አመጡና ስሙን ማልሲዲቤ አሉት፤ ኦሮምኛ ለማያውቁ አንባቢዎች ብቻ፣ «አንቺን ምን ቸገረሽ» ማለት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥያቄዬ በየማለዳው መልስ ያገኛል። ለአንድ መበለት አቤቱታ በየቀኑ፣ በዓልና እሁድ እንኳ ሳይቀር፣ ምላሽ የሚሰጥ የመንግሥት ሹም አላየሁም፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ። ውኃው ግን አሁንም በደጄ ይወርዳል።

ሁለተኛ፤ ነጠላዬ። የእርስዎ መሥሪያ ቤት ማኅተም ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ያልቀመሰው የለም፤ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ነው፣ ማኅተም ያዡ ለቅሶ ነው፣ ማኅተም ያዡ መጥቶ ነበር አሁን ወጣ ይባላል። ማልሲዲቤ ግን ሳላመለክት፣ ሳልሰለፍ፣ ነገ ተመለሺ ሳልባል፣ አጥቤ ባሰጣሁት ነጠላ ላይ በቀይ ጭቃ አራቱንም እግሮቹን አትሞልኛል። በነቀምቴ አፈር የታተመ ማኅተም በምንም ሳሙና እንደማይለቅ አረጋግጬልዎታለሁ። በዚህ ቅልጥፍናው ቢሮዎ ቢቀጥረው ሕዝቡ ይጠቀም ነበር የሚል አስተያየት አለኝ።

ሦስተኛ፤ ዶሮዎቼ። ውሻው ዶሮ አይበላም፤ ሐሰት አልናገርም። እንግድነት ብቻ ይወዳል። ቆጡ ሥር ገብቶ ይተኛል፤ ዶሮዎቹም እርሱ እስኪነቃ ድረስ ትንፋሻቸውን ውጠው ያድራሉ። እንዲህ ያለ እንግዳ ባለበት ቤት እንቁላል መጣል የሚያስችል ልብ የላቸውም። ቀይዋ ዶሮ እንቁላል መጣል ጨርሳ ትታ፣ አሁን ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ቆማ የእርስዎን አጥር ታያለች፤ በጸጥታ ጉዳይ ከእርሷ የበለጠ ተጠባባቂ አይገኝም።

አራተኛ፤ መጽሐፌ። ለዚህ ቅሬታ ጥቂት ቦታ ይስጡኝ። በዚህ ዕድሜዬ ደስታዬ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማንበብ ነው። አንድ ወፍራም ልብ ወለድ በተውሶ አግኝቼ፣ ሴትዮዋ ወደ ተዋት ባሏ ልመለስ ወይስ አልመለስ እያለች ሻንጣዋን በምታስርበት ቦታ ላይ ሳለሁ፣ ጎመኑ እንዳያርርብኝ ብዬ ብድግ አልኩ። ስመለስ ማልሲዲቤ የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ጨርሶ ነበር። በሁለታችን መካከል የሴትዮዋን ዕጣ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም እንደ ቢሮዎ ምስጢር ጠባቂ ነው። መጽሐፉን ላዋሱኝ ሰው የምለው ጠፍቶኝ በደጃቸው ማለፍ ትቻለሁ።

ስለ ድመትዎ ምንም አልልም። መሶቤ ውስጥ ወልዳለች፤ ነገር ግን እናት ናት፣ ልጆቿንም እስካሁን አልካደችም።

አምስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ አምስተኛው ግን ቅሬታ አልሆን ስላለኝ ቁጥሩን እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ነገሩ በቢሮ አልፈታ ሲል የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ጨመዳ ሽማግሌዎችን ሰብስበው በግቢያቸው ባለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር አስቀመጡን። የአካባቢያችንን ወግ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ለሌላው አንባቢ ያህል ግን፣ ዕርቅ የሚጠይቅ ሰው እርጥብ ሣር በእጁ ይይዛል፤ ሣር የያዘ ሰው አይቆጣም፣ አይሰደብም፣ አይዋሽም፤ ሣር ይዞ የተናገረውንም ቃል ሽማግሌ ተቀብሎ ያጸናዋል እንጂ አይከራከረውም። እርስዎም ሣር ይዘው መጡ። ጥሩ ሣር ነበር፤ በእኔ በኩል ካለው የአጥር ጥግ የታጨደ መሆኑን ወዲያው ስላወቅሁት፣ ለዕርቁ የበኩሌን በማዋጣቴ ደስ አለኝ።

እውነቱን ልንገርዎ፤ ያን ቀን ይቅርታዬን ጨርሼ ይዤ ነበር የመጣሁት። አንጮቴ ቀቅዬ፣ ልጬ፣ በቅቤ አሽቼ፣ በሳህን ሸፍኜ ከጎኔ አስቀምጬ ነበር። እርስዎ «ውሻዬ አጥፍቷል፤ አስረዋለሁ» ሊሉ፣ እኔም «ምን ገዶኝ» ልል፣ ከዚያም አንጮቴው ሊበላ፣ ሁሉም በየቤቱ ሊሄድ ነበር። ኦቦ ጨመዳም ይህንኑ እያሰቡ ይመስለኛል ዓይናቸውን ወደ ሳህኑ ጣል ያደርጉ ነበር።

እርስዎ ግን ተነሥተው፣ ሣሩን በሁለት እጅዎ ይዘው፣ ጥርት ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ሰሬ ኮ ሚቲ።» የእኔ ውሻ አይደለም።

ይህን በሚናገሩበት ጊዜ ማልሲዲቤ በአጥር ሥር ሾልኮ መጥቶ፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አሽትቶ፣ የእርስዎ ጫማ ላይ ተቀመጠ። ኦቦ ጨመዳ ውሻውን ተመለከቱ፣ ጫማውን ተመለከቱ፣ ከዚያም ቀስ ብለው ታዲያ የማን ነው ብለው ጠየቁ። እርስዎም ባለቤት የሌለው የመንገድ ውሻ እንደሆነና መሥሪያ ቤትዎ በእንዲህ ያሉት ላይ ተገቢውን እርምጃ እንደሚወስድ አስረዱ። ሣሩ በእጅዎ ስለነበር ማንም ቃል መመለስ አልቻለም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ውሻው ባለቤት የለውም ሲሉ ወሰኑ፤ ከዚያም አፍረው ተነሡ። አንጮቴውን የሚቀምስ ሰው አልተገኘም። ባለቤት የሌለው ውሻ በላው።

ያን ጊዜ ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም። የፈራሁት ኋላ ነው፤ በሰፈራችን አንድ ባጃጅ በድምፅ ማጉያ እየዞረ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች የማስወገድ ዘመቻ እንደሚካሄድ፣ ውሻ ያለው እንዲያስርና በመንገድ ላይ የሚጣለውን ሥጋ ሕፃናት እንዳይነኩት የሚያሳስብ መልእክት ሲያሰማ። መልእክቱን የቀዱት እርስዎ ነዎት፤ ድምፅዎን ማን ይስተዋል? ማልሲዲቤም አልሳተውም። ያ ባጃጅ ከእኛ በር ተነሥቶ ወደ አርጆ መውጫ እስኪደርስ ድረስ ውሻው ጅራቱን እየቆላ፣ እየዘለለ፣ በደስታ እያለቀሰ ከኋላው ሲሮጥ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። የጌታውን ድምፅ ሰምቶ ነው። የሚጠራው መስሎት ነው።

ያን ሥጋ አውቀዋለሁ፣ ኦቦ ጋሩማ። አቶ ሠርፀ ባረፈ ሰሞን፣ የእርሱን ውሻ ደጅ ትቼ፣ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እየሰማሁ በሬን ዘግቼ የተኛሁ ሰው ነኝ። ስለዚያ ለጽሕፈት ቤትዎ የማመለክተው ነገር የለኝም። ዳግመኛ ግን አልተኛም።

ስለዚህ፣ ዓመት ሙሉ ከግቢዬ እንዲወጣልኝ እየለመንኩ የኖርኩት እኔ፣ ውሻውን በልብስ ማስጫ ገመዴ አሥሬ እንጨት ቤት አስገባሁት። በዚህ ይስቁ፤ እኔም ስቄያለሁ። እርሱም ገመዱን በልቶ፣ እርስዎ ሊደፍኑት ቃል በገቡት የአጥር ቀዳዳ ወጥቶ፣ ሄዶ ደጅዎ ላይ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ ያየሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። በርዎን ከፍተው ወጡ፤ መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም ተመለከቱ፤ ከዚያም በጫማዎ ጫፍ ገፋ አድርገው በሩን ዘጉት። በዝግታ ነው የገፉት፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ማሰር ፈልገው ነበር፤ ቢያስሩት ግን ኦቦ ጨመዳ ያያሉ፤ ሣር ይዞ የዋሸ ሰው ደግሞ በዚህ ሰፈር ለቅሶ ላይ እንኳ የሚቀመጥበት አግዳሚ ያጣል። ውሻ ማሰር ቀላል ነው፤ በራሱ ቃል የታሰረን ሰው መፍታት ግን ከባድ ነው፤ ለዚህ ነው ያዘንኩልዎ።

በዚሁ ሳምንት የከተማው ሠራተኛ ለዘመቻው ውሾችን ሊያይ በየቤቱ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። በትሕትና ቆሞ ይህ ውሻ የማን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ማልሲዲቤ በእግሮቹ መካከል ሾልኮ ወደ መንገድ ወጣ። እኔም ደንግጬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጮክ ብዬ በስሙ ጠራሁት። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀና፣ እናቴ፣ እኔ እኮ በአክብሮት ነው የጠየቅሁዎ አለኝ። በእርስዎ ስም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም፤ ባለቤት የለውም ተብሏልና።

ለእኔ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃሁ። ነገር ግን ከእርስዎ ጋር የሚኖሩ እናትዎ አዴ ድርቤ አሉ። ዓይናቸው እየደከመ መምጣቱን ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እሁድ እሁድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እርስዎ ስብሰባ ስለሚኖርዎ፣ ከፊታቸው የሚሄደው ማልሲዲቤ ነው። አንገቱ ላይ ያሰሩለትን የቆርቆሮ ቃጭል እየሰሙ ይከተሉታል፤ ቦይ ካለ ይቆማል፤ ባጃጅ ከመጣ ወደ እርሳቸው ተጠግቶ ቀሚሳቸውን ይገፋል። እርሳቸው ሲገቡ እርሱ በር ላይ ይቀመጣል፤ መዘምራኑ ሲጀምሩም አብሮ ያላዝናል። የመዘምራኑ መሪ መጀመሪያ ድንጋይ ያነሣ ነበር፤ አሁን ግን ከወንዶቹ ድምፅ እርሱ የተሻለ ሰዓት ይጠብቃል ብሎ ትቶታል። ሰኞ ዘመቻው ካለፈ በኋላ፣ በቀጣዩ እሁድ አዴ ድርቤ በራቸው ላይ ቆመው ቃጭሉን ሲያዳምጡ፣ ተገቢው እርምጃ እንደተወሰደ የሚያስረዳቸው የትኛው ክፍል እንደሆነ ከወዲሁ ቢያሳውቁኝ ደግ ነበር።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከሰኞ በፊት ያለችው እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ኦቦ ጨመዳ ግቢ እንገናኝ። ሽማግሌዎቹን ለምኜ ጨርሻለሁ። ሣሩን ማጨድ አይድከሙ፤ እንደ ወትሮው በእኔ በኩል ካለው ጥግ እኔ አጭደዋለሁ። አንጮቴውንም እኔ እቀቅላለሁ። ከእርስዎ የሚፈለገው አጭር ቃል ነው፤ «ሰሬ ኮቲ» ማለት ብቻ ነው። የእኔ ውሻ ነው። ከመጀመሪያው ቃልዎ በአነጋገር ያንሳል እንጂ አይበልጥም፤ ምላስ አያደክምም።

ይህን ካሉ፣ ነጠላዬን፣ የዶሮዎቼን ድንጋጤና የመጽሐፉን መጨረሻ ሁሉ ትቼልዎታለሁ። ማታ ማታ አስረው ያሳድሩት፤ ቀን ለእናትዎ ይልቀቁላቸው። ስሙን እንዲቀይሩም አልጠይቅም፤ ለምጄዋለሁ። የአጥሩን ቀዳዳ በተመለከተ ግን ወደ ፊት እንወያይበታለን፤ የውኃው ነገር ሳይፈታ ቀዳዳው ቢደፈን አጥሩ በእኔ ላይ የሚወድቅ መስሎኛል፤ ደግሞም ቀይዋ ዶሮ የምትጠብቀው ነገር ካጣች እንዳትከፋ እሰጋለሁ።

ካልመጡም አልቀየምም። እርስዎ ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ነዎት። ሰኞ ግን ከማለዳ ጀምሮ በነጠላዬ፣ በዚያው ማኅተም ባረፈበት፣ የውሻውን አንገት አሥሬ ደጅዎ ላይ ተቀምጬ ያገኙኛል፤ ሥጋውን የሚጥሉት ሰዎች ሲመጡ የማን እንደሆነ ለመጠየቅ ከእርስዎ የቀረበ የሥልጣን አካል ስለማላውቅ ነው።

ጤናዎ የተሟላ፣ ድምፅዎ የጠራ፣ ጫማዎ ውሻ ያልተቀመጠበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለጎረቤትነትዎ፣ ለየማለዳው ምላሽዎና ለጣራዎ ውኃ ያለኝን ወሰን የሌለው ምስጋና አቀርባለሁ።

ባለቤት ካላቸው ዶሮዎቿ ጋር እጅ የምትነሣ፣

በዛብሽ፣ የጎረቤት ነገር የቸገራት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ልነሣ ስል አዴ ድርቤ ውሻውን እየጠሩ ወደ አጥሩ መጡ። እርሳቸው ሳይሰሙት በሱቅ በር ላይ ብለጥፈው ነውር መስሎ ስለታየኝ፣ አስገብቼ አስቀምጬ፣ ምላሴ በቻለው መጠን ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። የውሻውን ጆሮ እያሻሹ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እርስዎ ሣሩን የያዙበትን ቦታ ድገሚልኝ አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። ከዚያም አንድ ነገር ጨምሪልኝ ብለው አዘዙኝ፤ የእናት ትእዛዝ ስለሆነ እንዳለ አስፍሬዋለሁ፦

«ውሻው የእኔ ነው ብለሽ ጻፊ። ጋሩማ የማን እንደሆነ ግን እሁድ ሣሩን ሲይዝ እናያለን።»